ወንዝ ዳር የዋለ ሽምግልና

አስቀድሜ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ሚስቴን አልመታሁም፣ አልሰደብኩም፣ ሌላ ሴትም አልለመድኩም። ሚስቴ ጥላኝ አባቷ ቤት መግባቷ በተሰማ ሰሞን ግን አማን ውስጥ ከሦስቱ በአንዱ ያልጠረጠረኝ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊ ነኝና ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ እግሩን ስለካው ከላይ ሆኖ «ለመሆኑ ምን ሆናችሁ ነው?» ይለኛል። እውነቱን ብነግረው ደግሞ አያምነኝም። ሚስቴ የሄደችው በዝንብ ምክንያት ነው።

ዝንብ ስላችሁ ሥጋ ቤት የምትዞረውን አይደለም። እኔ በእጄ የምሠራትን ነው። አማን ከመምጣቴ በፊት ባሌ ውስጥ ሦስት ዓመት ሰፍቻለሁ። እዚያ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ወንዙም ከአየሩ አይሻልም። በዚያ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ትራውት የሚሉት ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ዓሣ አለ። እሱን የሚያጠምዱት ሰዎች ትል አንጠልጥለው እያዛጉ አይጠብቁም። ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ጠምጥመው ዝንብ ይሠራሉ፤ ከዚያ በረዥም ቀጭን ዘንግ ክሩን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፉ ዝንቧን ውሃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፏታል። ዓሣው እውነተኛ መስሎት ይጎርሳል።

ሊያጠምድ ለመጣ አንድ እንግዳ የተቀደደ ጃኬቱን ጠገንኩለትና ሲሄድ አሮጌ ዘንጉን ከነክር ማጠንጠኛው ትቶልኝ ሄደ። እንግዶቹን የሚመራ ጎረቤቴ ደግሞ አወናጨፉን አስተማረኝ። ከትምህርቱ ሁሉ አጥብቆ ያስያዘኝ አንድ ሕግ ነበር፤ ዓሣውን ያዝ፣ ተመልከት፣ አመስግን፣ ልቀቅ። እኔም በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ ከጸሎት በላይ ለምጄው፣ እጄ ሳያስብ የሚሠራው ነገር ሆኖ ነበር። ይህን የማነሣው ያለምክንያት አይደለም፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

እዚህ ሚዛን አማን ትራውት የለም። የእኛ ውሃ ለእሱ ሞቅ ይላል። ሆኖም ጋጨብ ወንዝ ውስጥ፣ ጠለቅ ባሉት ቦታዎች፣ ቅርፊቱ ወርቃማ የሆነና አፉ ላይ ጢም ያለው ዓሣ አለ፤ ዝንቤንም አይንቃትም። መጀመሪያ ወንዝ ዳር ቆሜ ክር ሳወናጭፍ ያዩኝ ሰዎች የምጸልይ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ወባ የጀመረኝ መሰላቸው። አንድ ቀን ደህና ዓሣ ይዤ፣ አይቼ፣ አመስግኜ ስለቀው ልብስ ታጥብ የነበረች ሴትዮ አንሶላዋን አስቀምጣ መጣችና ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። የለኝም አልኳት። «እግዜር አውቆ ነው» ብላኝ ተመለሰች።

ለዝንብ የሚሆን ላባ እንደ ልብ አይገኝም። የማንኛውም ዶሮ ላባ አይሆንም፤ ከአንገት ላይ የሚወጣው፣ ረዥሙና ጠንካራው ነው የሚፈለገው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አማቴ ጋሽ ተሰማ፣ ሸኮ ያሉ ቡና ገበሬ ናቸው፣ ለገና ብለው አንድ አውራ ዶሮ ላኩልን። ቀይ ነው። አንገቱ ላይ የወረደው ላባ ፀሐይ ሲያገኘው ወርቅ ይመስላል። ሚስቴ መሠረት «እንዴት ያምራል» አለች። እኔም እንዴት ያምራል አልኩ፤ ያየነው ግን የተለያየ ነገር ነው።

ሁለት ላባ ብቻ ነበር የወሰድኩት። ምን ይታወቃል፣ ከአንድ አንገት ሁለት ላባ። በሳምንቱ አራት ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ የአማቴ ዶሮ ከጭንቅላቱ በታች ሻርፕ የተገፈፈች እመቤት መስሎ ግቢው ውስጥ ያፍር ጀመር። መሠረት ደነገጠች። በሽታ ነው አለች። ዶሮውን ታቅፋ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ከፍየልና ከበግ ጋር ግማሽ ቀን ተሰልፋ ዱቄት መድኃኒት ተሰጣት። በውሃ በጥብጣ ማለዳ ማለዳ ስታጠጣው እኔ አጠገቧ ቆሜ ጽዋውን እይዝላታለሁ። የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ዘጋሁት፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ ሦስት ላባ ወሰድኩ።

በሁለተኛው ጉዞ ሐኪሙ የዶሮውን አንገት በደንብ አየና «ይሄ በሽታ አይደለም፣ የሰው እጅ ነው» አላት። መሠረት ቤት ስትመለስ ቀጥ ብላ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ሳበች፣ የልብስ ቁልፍ ሣጥኑን አወጣች፣ ዝንቦቼን አንድ በአንድ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። ላባው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ «የአባትሽ» አልኳት፤ የአባትሽ ዶሮ ለማለት ነበር።

«የዶሮ ላባ ይበቅላል» አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻለኝ ነበር። «እኔ ግን ዶሮ ታቅፌ ከፍየል ጋር ስሰለፍ አንተ ምክንያቱን እያወቅህ ጽዋ ያዝክልኝ።»

ልብሷን በሻንጣ፣ ዶሮውን በብብቷ አድርጋ የቴፒን ሚኒባስ ተሳፈረችና ሸኮ ወረደች። እኔ ቤቱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሰው የሚናፈቀው ከሄደ ከወር በኋላ ይመስለኝ ነበር። እኔ ሚኒባሱ ታጠፈ ሳይባል ናፈቀችኝ።

እንግዲህ በአገሩ ወግ ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው ጨርቅ የምገዛቸው ሐጂ ከድር ናቸው። ከጅማ በኩል የመጡ፣ አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ሁለተኛው የመሠረት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መጋቢ ዮሐንስ ናቸው። ሲናገሩ እጃቸው አያርፍም፤ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ምእመን ራሱን ጠብቆ ነው። ሁለቱም በሽምግልና የታወቁ ናቸው። ሐጂ በአንድ ቀን ሦስት ቤት አስታርቀዋል ይባላል። የእኔን ጉዳይ ሲሰሙ ከምሳ በፊት እንጨርሳለን አሉኝ።

ሸኮ ጋሽ ተሰማ ቤት፣ ቡና ከተሰጣበት የማድረቂያ አልጋ አጠገብ ተቀመጥን። መሠረት ጓዳ ናት፤ አትወጣም። ጋሽ ተሰማ ቁመታቸው ረዥም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ነገሩን መጀመሪያ በሸኮኛ ያስቡታል መሰለኝ፣ አማርኛው ሲመጣ ተመዝኖ ነው የሚመጣው። ሽማግሌዎቹ ጥፋቴን ዘርዝረው፣ ይቅርታዬን አቅርበው ሲጨርሱ ጋሽ ተሰማ ወደ እነሱ ዞሩ።

«እኔ ልጄን የሰጠሁት ለልብስ ሰፊ ነው» አሉ። «ዝንብ የሚያለብስ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። በዶሮዬ ላባ ዓሣ እይዛለሁ ካለ ይያዝና ልይ። ከያዘ ሙያ ነው፤ እንነጋገራለን። ካልያዘ እብደት ነው። ልጄን ለእብድ አልመልስም።»

ፍርዱ ይኸው ነው። ሚስቴ ዓሣ አፍ ላይ ተንጠለጠለች።

በቅዳሜው ከቤታቸው በታች ወዳለው ወንዝ ወረድን። ሽማግሌዎቹ በርጩማ ተይዞላቸዋል። ጎረቤት በሙሉ ተከትሎናል፤ የገበያ ቀን እንኳ ያን ያህል ሰው አይወጣም። መጀመሪያ ክሩን ወደ ኋላ ስወረውር አንድ ከበድ ያለ ነገር ያዝኩ። ደስ ብሎኝ ወደ ፊት ሳስፈነጥረው የሐጂ ነጭ ኮፍያ በራሴ ላይ አልፎ ወንዙ መሐል አረፈ። ኮፍያውን ስቤ አወጣሁት፤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሕዝቡ ከዓሣ የሚቆጠር መስሎት ያጨበጨበ ነበረ። ቀጥሎ ዛፍ ያዝኩ። ቀጥሎ የራሴን እጀታ።

ከዚያ ግን ዝንቧ እንደምወደው አድርጋ አረፈች። ድንጋዩ ሥር ውሃው ተናወጠ፣ ክሩ ተወጠረ፣ ዘንጉ ጎበጠ። ወደ ዳር ስቤ ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፤ ክንድ ባይሆን መዳፍና ግማሽ የሚሆን፣ ጢሙ ያማረ ዓሣ። ያዝኩት። ተመለከትኩት። አመሰገንኩ። ለቀቅኩት።

እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቀና ስል ጋሽ ተሰማ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸው ውስጥ የገባ ጉንዳን ያራግፋሉ። ጉንዳኑን ጨርሰው ቀና አሉና «የታለ?» አሉኝ። ለቀቅኩት አልኳቸው። ሰው ለማሰብ ጊዜ ሲያስፈልገው እንደሚያደርገው ወንዙን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግሞ ወንዙን አዩ። «ይዘኸው ነበር?» አዎን። «ከዚያ ለቀቅኸው?» አዎን። «እንግዲህ ለጊዜው ከእብደቱ በኩል ነን» አሉ።

መጋቢ በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩልኝ፤ ሐጂ ግን ኮፍያቸውን ይጨምቁ ስለነበር አላየሁም አሉ። ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ ምን ይደረግ። በአንድ ምስክር ነገር አይጸናምና ቀጠሮ ለሳምንት ተሰጠ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። ታኅሣሥ ነው፣ በጋ ነው ማለት እዚህ አካባቢ አያዋጣም። ወንዙ ቀልቶ ወረደ። በእንዲህ ያለ ውሃ ዓሣው ዝንቧን አያያትም ብዬ አስረዳሁ። ሌላ ቀጠሮ ተሰጥቶ ልንነሣ ስንል ሐጂ ዘንጉን አየት አደረጉና የማያውቁትን ነገር ይዘው መፍረድ እንደሚከብዳቸው፣ ለማጣራት ያህል አንድ ጊዜ ቢሞክሩት ምን እንደሚመስለኝ ጠየቁኝ። ሣሩ ላይ አሳየኋቸው። አንድ ጊዜ አዩኝ። ዘንጉን ተቀበሉና ክሩን ወደ ኋላ ላኩት፣ ትንሽ ጠበቁት፣ ወደ ፊት ለቀቁት። ቀጥ ብሎ፣ ሳይጠማዘዝ፣ ሣሩ ላይ ተኛ። እኔ ይህን ለመቻል ባሌ ውስጥ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሐጂ አርባ ዓመት ሙሉ የጨርቅ ጥቅል በእጅ አንጓ እየወረወሩ ባንኮኒ ላይ ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው። መጋቢም ተራቸውን ጠየቁ። የእሳቸው እጅ ስብከት ስለለመደ ክሩ ሦስት ጊዜ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። ፈትተን ስናበቃ ጉዳዩ ካሰቡት በላይ ጥልቀት እንዳለው ተናገሩ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ውሃው ጠርቶ ነበር። ሐጂ «ለማጣራት» ብለው ዘንጉን ከእጄ ወሰዱ። ሳይቆዩ ዓሣ ያዙ። ስምንት የልጅ ልጅ ያላቸው ሰው ወንዝ ዳር ሲዘሉ አየሁ። ጋሽ ተሰማ በርጩማቸው ላይ ሆነው ዓሣውን ከላይ እስከ ታች መረመሩ፣ አፉ ላይ ያለችውን ዝንብ ነቀሉ፣ የዶሯቸውን ላባ በጣታቸው ዳሰሱ። ቀስ ብለው ተነሡ፣ እኔን ሳያዩ እጃቸውን ዘረጉና «እስቲ ያንን እንጨት» አሉ። እስኪመሽ ድረስ አልመለሱልኝም። የያዙት ሁለት ነው።

እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ። ሙያ መሆኑ ታየ። ማስረጃ አለ፣ ምስክር አለ፣ ዓሣው ሣር ላይ ተጋድሟል። ፍርዱን ለመስማት እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ወደ ዳር ሄደው ተመካከሩ። ሲመለሱ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ነገሩ ገና መጣራት ያለበት ጎን ስላለው ለሚመጣው ቅዳሜ ተቀጥሯል አሉ። በተቻለ መጠን በማለዳ እንድመጣም አሳሰቡኝ።

በአራተኛው ቅዳሜ ምሳቸውን አስቋጥረው መጡ። ያኔ ነው ሁሉ ነገር የተገለጠልኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ነገር የሚወድልኝ ሰው አጥቼ ብቻዬን የቆምኩ ሰው፣ አሁን ሦስት ደቀ መዝሙር አፈራሁ፤ የማፈራውም በሚስቴ ዋጋ ነው። ጉዳዬ ካለቀ ወደ ወንዝ የሚወርዱበት ምክንያት ያልቅባቸዋል። አንድ ጊዜ ደፍሬ «ሐጂ፣ የእኔ ነገርስ?» ብላቸው ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ «ዝም በል፣ ዓሣው ይሰማል» አሉኝ።

ገና በዚያው ሳምንት መጣ። ሱቄ ውስጥ፣ በስፌት መኪናው ላይ፣ ዳቦ በሻይ በላሁ። ጎረቤቶች ጠርተውኝ ነበር፤ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ፈርቼ ቀረሁ። አንድ ወር ሙሉ ሸኮ እየተመላለስኩ መሠረትን ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከጀርባዋ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ቆርጬ ሄድኩ። ፍርድ ሳይሰጥ ዘንጉ ከከረጢቱ አይወጣም ልል ነበር። ወንዝ ስደርስ ግን ሦስቱ ደቀ መዛሙርቴ ቀድመውኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል፤ ጋሽ ተሰማም ከረጢቱን ከትከሻዬ በትሕትና ተቀበሉኝ። ዘንጉ ተገጣጠመ። ማን ይጀምር በሚለው ክርክር ተነሣ። መጋቢ በሁለተኛው ቅዳሜ ተራዬ በዝናብ ተበላ ይላሉ፣ ሐጂ ዝናቡ ከሁሉም እኩል ነው የበላው ይላሉ። በዚህ መሐል ከላይ በጠባቧ መንገድ መሠረት ስትወርድ አየኋት።

ጋሽ ተሰማ ዘንጉን ከጀርባቸው ደበቁት፤ ከራሳቸው በላይ ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ ይታያል።

«ሽምግልናው የት ደረሰ?» አለች።

ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። መጋቢ ጫማቸውን አዩ። አባቷ በማጣራት ላይ ነን አሉ። የእሷ ጉዳይ ግን ከእነሱ ጋር አልነበረም። ወደ እኔ ዞረች።

«ሐጂን አስተማርካቸው። መጋቢን አስተማርካቸው። አባቴ እንኳ ከቡናው ይልቅ ወንዙን ማየት ጀምሯል። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር፣ አንድ ቀን ነይ እንሂድ ብለኸኛል?»

አላልኳትም። ስለ ዶሮው የተዘጋጀሁበትን ንግግር ተውኩት። «ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አልኳት። «ላባውንም የደበቅኩት ለዚያው ነው። ዶሮውን ታቅፈሽ ስትሄጂ እያየሁሽ፣ አፍሬ ነው እንጂ ንቄሽ አይደለም ዝም ያልኩት። ይቅር በይኝ።» ይህን ስል ሦስት ሽማግሌዎች እየሰሙኝ ነው። ግድ አልሰጠኝም።

እሷም ለአባቷ እጇን ዘረጋች፤ ጋሽ ተሰማም ደስ ባይላቸውም ዘንጉን ሰጧት።

መጀመሪያ ሣሩን ያዘች። ቀጥሎ የራሷን ሻሽ። ላግዛት ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ። በሦስተኛው ክሩ ወጣ፣ ተዘረጋ፣ ዝንቧም ከማዶው ሾላ ዛፍ ሥር፣ ማንም ከእኛ ደፍሮ ያልወረወረበት ጥላ ውስጥ፣ ቀስ ብላ አረፈች። ውሃው ተከፈተ ልበላችሁ። ማጠንጠኛው ጮኸ። ሐጂ ዱዓ ጀመሩ፣ መጋቢ ሃሌሉያ አሉ፣ እኔ ዘንጉን ልይዝላት ዘልዬ ስነሣ ጋሽ ተሰማ በትከሻዬ ጎትተው አስቀመጡኝና «ተዋት፣ ታውቃለች» አሉኝ። ከነቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ገባች። ዓሣው ይወስዳል፣ እሷ ታመጣለች፤ ይወስዳል፣ ታመጣለች። በመጨረሻ በሁለት እጇ አቅፋ አወጣችው። የእኔ ክንድ የሚያህል፣ ጢሙ የደብር አለቃ የሚመስል ዓሣ ነው። በዚያ ወንዝ እንዲህ ያለ መኖሩን ጋሽ ተሰማም አላወቁም።

የእኔ እጅ ልምዱ ነውና ሊለቀው ተነቃነቀ። እሷ ግን አንድ ሰፊ የኮባ ቅጠል ቆረጠች፣ ዓሣውን ጠቀለለችው፣ ብብቷ ውስጥ አገባችው። አባቷ እናትሽ ዘይት እንድታግል ልላክባት ወይ ብለው ጠየቋት።

«አይ፣ ይሄ የሚጠበሰው ቤቴ ነው» አለች። «አማን።»

ያን ጊዜ የሆንኩትን አልነግራችሁም። የባሌው መምህሬ ዓሣውን ባለመልቀቄ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣ በዚያች ሰዓት ወንዙን በሙሉ በኮባ ጠቅልላ ውሰድ ብትለኝ እሸከም ነበር። ሐጂ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲህ ሽምግልናው አለቀ ማለት ነው?» አሉ፤ ሐዘን ቤት የገቡ ነው የሚመስሉት። መሠረት ሽምግልናው ማለቁን፣ ቅዳሜ ግን አለማለቁን ነገረቻቸው። መጋቢ ወዲያው ባረኩን።

ሚኒባሱ ውስጥ ዓሣው በእሷ ጭን፣ ዘንጉ በእኔ እጅ ሆኖ ስንገባ ሾፌሩ ማን እንደያዘው ጠየቀኝ። ሚስቴ አልኩት። አላመነኝም፤ እሷ ራሷ አስረዳችው፣ ሸኮ ጀምራ አማን እስክንደርስ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንወርዳለን። ዝንቡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ላባው ጠይቄ የወሰድኩት ነው። ዘንጉ ግን አንድ ነው፣ ተራውም በመሠረት ተጽፏል። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ አባቷ፣ ቀጥሎ ሐጂ፣ ቀጥሎ መጋቢ። በገዛ ዘንጌ አምስተኛ ነኝ። ሣሩ ላይ ተቀምጬ አራቱ እየተጨቃጨቁ ውሃ ሲገቡ አያለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተራ ጠብቄ አላውቅም።